«ዓርብስ ትምህርት አለ?»፦ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤተሰቦች መርሐ ግብርን በወቅቱ እንዲያውቁ የማድረጊያ መመሪያ

በየበዓሉ ዋዜማ የትምህርት ቤታችን ስልክ የሚያስተናግደው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሐሙስ በዓል መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓርብስ ትምህርት አለ?» ይህ ጥያቄ ከቀነሰልን በኋላ ደግሞ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚደውሉ መምህራን ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ «እናንተ ለወላጅ መልእክት የምታደርሱት እንዴት ነው?» ይላሉ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሁለተኛውን ጥያቄ በየጊዜው በስልክ ከመመለስ አንድ ጊዜ በሥርዓት አስቀምጦ ማስተላለፉ ስለሚሻል ነው። የተዘጋጀው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ የክፍል ኃላፊ መምህራን፣ ለምክትል ርዕሳነ መምህራንና ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት ሲሆን፣ አሠራሩ የተወሰደው አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ከከተማ ውጭ ለሚያስተምሩ ጥቂት ማስተካከያዎችን በየቦታው ጠቁሜያለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ መለኪያ ይያዙ። መልእክት ደረሰ የሚባለው ልጁን ከበር የሚወስደው ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከእርሱ የሚጠበቀውን ነገር ሲያውቅ ነው። አባትየው ቴሌግራም ላይ ቢያነበውና ልጁን የምትወስደው አክስት ባትሰማ፣ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ መለኪያ የተቃኙ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ከትምህርት ቢሮ የተላከው የዓመቱ የትምህርት ካላንደር ቅጂ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር።
• ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የቤተሰብ መዝገብ ደብተር። ባለ ጠንካራ ሽፋን ቢሆን ይመረጣል፤ ዓመት ሙሉ የሚገለበጥ ነውና።
• ለእያንዳንዱ ተማሪ ባለ 32 ገጽ የመገናኛ ደብተር።
• ኤ4 ወረቀት። አንዱን ገጽ ለአራት ከቆረጡት 50 ተማሪ ላለበት ክፍል 13 ገጽ፣ 600 ተማሪ ላለበት ትምህርት ቤት ደግሞ 150 ገጽ ይበቃል።
• የትምህርት ቤቱ የሆነ ስልክና ሲም ካርድ። የመምህሩ የግል ቁጥር ለዚህ ሥራ አይዋል።
• በበሩ ውጭ በኩል የሚሰቀል፣ ዝናብ የማይደርስበት የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ጠመኔ ወይም ማርከር።
• የትምህርት ቤቱ ማኅተም።

ደረጃ 1፦ የዓመቱን ካላንደር በሦስት ቀለም ያዘጋጁ

ቢሮው የሚልከው ካላንደር የትምህርት መጀመሪያውን፣ የመንፈቀ ዓመት መዝጊያውንና የፈተና ሳምንታቱን ይሰጥዎታል። በእርሱ ላይ የራስዎን ዝግጅቶች፣ ማለትም የወላጆች ስብሰባን፣ ካርድ የሚሰጥበትን ቀን፣ የጉብኝት ጉዞንና የወላጆች ቀንን ይጨምሩ። ቀጥሎ በዓላቱን በሦስት ቀለም ይለዩ፤ ምክንያቱም ሦስቱ ዓይነት በዓላት የሚነገሩበት መንገድ የተለያየ ነው።

በመጀመሪያው ቀለም ቀናቸው የማይለወጠውን ይጻፉ፤ እነርሱም እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የዓድዋ ድል የካቲት 23፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 እና የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ናቸው። ገናን እዚህ ሲጽፉ ይጠንቀቁ። አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቢውልም፣ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ታኅሣሥ 28 ይውላል። የ2019 ዓ.ም ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች፣ የ2019ን ካላንደር ገልብጦ ለ2020 የሚያሰራጭ ትምህርት ቤት ገናን በአንድ ቀን ይስታል።

በሁለተኛው ቀለም ከዓመት ዓመት የሚለዋወጡትን፣ ግን አስቀድመው የሚታወቁትን ስቅለትንና ፋሲካን ይጻፉ። በዙሪያቸው ያሉትን ቀኖች አብረው መመልከት ይገባል። በ2019 ዓ.ም ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ ሚያዝያ 23፣ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24 ሲውሉ፣ የአርበኞች ቀን ደግሞ ረቡዕ ሚያዝያ 27 ይመጣል። በመካከሉ ያሉት ሰኞና ማክሰኞ ትምህርት ያለባቸው መሆን አለመሆናቸውን ካሁኑ ካልወሰኑና ካልጻፉ፣ ከቤተሰቡ ግማሹ ወደ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ልጁን ይዞ ባዶ ክፍል ይደርሳል።

በሦስተኛው ቀለም ዒድ አልፈጥርን፣ ዒድ አልአድሐንና መውሊድን ይጻፉ። ሦስቱም በጨረቃ መታየት ስለሚወሰኑ፣ ለወላጅ የሚላከው ጽሑፍ ሁለቱንም ሊሆኑ የሚችሉ ቀኖች መያዝ አለበት። ለምሳሌ፦ «ዒድ አልፈጥር ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሆናል። ቀኑ እንደታወቀ በዚያው ምሽት መልእክት እንልካለን፤ ትምህርት የሚዘጋው በዓሉ በዋለበት ቀን ነው።» አንዱን ቀን ገምቶ መጻፍ፣ በተለይ ለሙስሊም ቤተሰቦች፣ ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን እንደማያውቀው ይነግራቸዋል።

ደረጃ 2፦ የቤተሰብ መዝገቡን ፊት ለፊት ጠይቀው ይሙሉ

ቅጹን ለልጁ ሰጥቶ «ቤት አስሞልተህ አምጣ» ማለት ፈጣን ቢመስልም፣ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የአባት ስም ከአንድ ስልክ ቁጥር ጋር ብቻ ነው። በምዝገባ ጊዜ፣ ወላጅ ፊትዎ ተቀምጦ ሳለ፣ የሚከተሉትን ጠይቀው ይጻፉ።

ሀ) ልጁን ጠዋት የሚያመጣውና ከሰዓት በኋላ የሚወስደው ማነው? እናት፣ አያት፣ ታላቅ ወንድም፣ የቤት ሠራተኛ ወይም የሰርቪስ ሾፌር ሊሆን ይችላል። የዚህ ሰው ስልክ ከወላጁ ስልክ ቀድሞ ይጻፍ።
ለ) ለጉዞ ፈቃድና ለመሳሰለው የሚፈርመው ማነው?
ሐ) የትኛው ቋንቋ ይቀላቸዋል? በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች አፋን ኦሮሞ ለአንዳንድ ቤተሰቦች ከአማርኛ ይቀላል።
መ) መልእክት በጽሑፍ ይሻላቸዋል ወይስ በድምፅ? «ማንበብ ይችላሉ?» ብለው አይጠይቁ። «በጽሑፍ ይሻልዎታል ወይስ በድምፅ ልላክልዎ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም ሳያሳፍር ያንኑ መልስ ይሰጣል።
ሠ) ቴሌግራም ያለው ስልክ በቤት ውስጥ የማነው? በቀን ውስጥስ ኢንተርኔት ይከፈታል?

ወላጁ በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በአሜሪካ ሆኖ ልጁ ከአያት ጋር የሚኖር ከሆነ ሁለቱንም ይመዝግቡ፤ ነገር ግን ለዕለቱ ሥራ የሚፈለጉት አያቲቱ ናቸው። ውጭ አገር ያለችው እናት መልእክቱን አይታ ለአያቲቱ ትደውላለች ብሎ መተማመን አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም።

ቁጥሮች ስለሚቀየሩ መዝገቡን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ እንደገና ያጣሩ። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ወላጁ ካርዱን ከመቀበሉ በፊት በመዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥሩን አይቶ ያረጋግጥ።

ደረጃ 3፦ የሚጽፈውን፣ የሚያነበውንና የሚያጸድቀውን ይለዩ

ጸሐፊው አንድ ሰው ይሁን፤ ይህ ሰው ዩኒት ሊደሩ ወይም ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን ያላየ ሌላ ሰው ቀኑን ከካላንደሩ ጋር እያመሳከረ ያንብበው። ርዕሰ መምህሩ ካጸደቁት በኋላ ብቻ ይውጣ። የክፍል ኃላፊዎች የጸደቀውን ቃል በቃል ያስተላልፋሉ እንጂ በራሳቸው አባባል አይጽፉትም። ሁለት ልጆች ያሉት ወላጅ ከ2ኛ ክፍል መምህርት «እስከ 6 ሰዓት»፣ ከ5ኛ ክፍል መምህር «እስከ 6:30» የሚል ከደረሰው ሁለቱንም አያምንም፤ ስልክ ያነሳና ቢሮ ይደውላል።

ደረጃ 4፦ አንድ ዋና መንገድና ሁለት ደጋፊ መንገዶች ይምረጡ

ዋናው መንገድ ሁሉም መልእክት ሳይጎድል የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ደጋፊዎቹ ከእርሱ የተቀዱ ናቸው። እኛ የምንጠቀመው እንደሚከተለው ነው።

የቴሌግራም ቻናል (ዋና)። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። በግሩፕ ውስጥ ሁሉም ስለሚጽፍ፣ ጠዋት የተላከው ማስታወቂያ እስከ ማታ ከ80 «እናመሰግናለን መምህር» በታች ይቀበራል፤ በዚያ ላይ ወላጆች እርስ በርስ መተያየት ስለሚችሉ የማያውቁት ሰው በግል ይጽፍላቸዋል። በቻናል ላይ የሚጽፈው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ የተመዝጋቢዎቹንም ዝርዝር የሚያየው እርሱ ብቻ ነው። ቻናሉን የግል አድርገው በመጋበዣ ሊንክ ብቻ እንዲገባበት ያድርጉ። የሳምንቱን መርሐ ግብር ሁልጊዜ ከላይ ይለጥፉት፤ ፒን የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ነው። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር የሚታየው የዓይን ምልክት ስንት ጊዜ እንደታየ ይነግርዎታል፤ ማን እንዳየው ግን አይነግርዎትም። ስለዚህ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ።

አጭር የጽሑፍ መልእክት (ደጋፊ)። ኢንተርኔት ለማይከፍቱ ቤተሰቦች ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። ደግነቱ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ 70 ምልክት ከሚመስለው በላይ ይናገራል። የሚከተለው ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 69 ነው፦

ከት/ቤት፦ ነገ ረቡዕ ታኅሣሥ 28 ትምህርት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ምሳ የለም። ዓርብ 30 ትምህርት አለ።

የመገናኛ ደብተርና የበር ሰሌዳ (ደጋፊ)። ለአራት የተቆረጠው ወረቀት በደብተሩ ላይ ይለጠፋል፤ ወላጅ ከሥሩ ይፈርማል። ሰሌዳው ደግሞ ስልክ ለሌለውና ለሰርቪስ ሾፌሩ ነው። በሰሌዳው ላይ ከሦስት መስመር በላይ አይጻፍ፤ ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሚያነብ ሰው እንዲያየው ፊደሉ ይተልቅ።

በገጠር ቀበሌ የሚያስተምሩ ከሆነ ከቴሌግራሙ ይልቅ የገበያ ቀንን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን፣ እንዲሁም የዕድር ለፋፊውን ይጠቀሙ፤ ለለፋፊው የሚሰጡት ግን በቃል የተነገረ ሳይሆን በወረቀት የተጻፈ ይሁን፤ ቀኑ በመንገድ ላይ እንዳይለወጥ።

ደረጃ 5፦ ማስታወቂያውን ስድስት ጥያቄ እንዲመልስ አድርገው ይጻፉ

እያንዳንዱ ማስታወቂያ፣ አጭርም ይሁን ረጅም፣ እነዚህን መመለስ አለበት፦ ምንድን ነው? የሚመለከተው የትኛውን ክፍል ነው? መቼ ነው (የሳምንቱ ቀን፣ ዕለቱ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት)? የት ነው? ቤተሰቡ ምን ያድርግ? የማይመቸው ለማን ይንገር?

ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አምስተኛው ነው። «ረቡዕ የግማሽ ቀን ትምህርት ይሆናል» የሚል ማስታወቂያ ለወላጁ ዜና ነገረው እንጂ ሥራ አልሰጠውም። ልጁ ምሳ ይዞ ይምጣ? ሰርቪሱ ስንት ሰዓት ይመጣል? በትምህርት ቤት ምገባ የሚበላ ልጅ በዚያ ቀን ይበላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የልጁ ምሳ በምገባ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል።

የሳምንቱ ማስታወቂያ ሙሉ ምሳሌ የሚከተለው ነው፤ የተጻፈው ለ2019 ዓ.ም የገና ሳምንት ነው።

ከታኅሣሥ 26 እስከ 30 ቀን 2019 ዓ.ም ያለው ሳምንት (ለሁሉም ክፍሎች)
ሰኞ 26 እና ማክሰኞ 27፦ ትምህርት እንደወትሮው ነው።
ረቡዕ 28፦ ትምህርት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ምገባ አይኖርም። እባክዎ ልጅዎን ከ6 እስከ 6:30 ባለው ጊዜ ከዋናው በር ይውሰዱ። ሰርቪስ 6:10 ይነሣል።
ሐሙስ 29፦ የገና በዓል ስለሆነ ትምህርት የለም።
ዓርብ 30፦ ትምህርት አለ። ሰዓቱ እንደወትሮው ነው፤ ምገባም አለ።
ረቡዕ 6 ሰዓት ላይ መምጣት የማይችሉ ቤተሰቦች እስከ ማክሰኞ 9 ሰዓት ድረስ ለክፍል ኃላፊው ያሳውቁ፤ ልጆቹ እስከ 9 ሰዓት ድረስ በቤተ መጻሕፍት ይቆያሉ።

«እንደወትሮው» የሚለው ቃል ሲደጋገም አሰልቺ ይመስላል፤ እንዳያወጡት። ትምህርት ያለበትን ቀን ሳይጠቅሱ የተዘጋበትን ብቻ መጻፍ ነው «ዓርብስ?» የሚለውን ጥያቄ የሚወልደው።

ዝግጅቱ ላይ ምግብ ካለ የጾም መሆን አለመሆኑን ይጻፉ። ከገና በፊት የሚደረግ የክፍል ዝግጅት ኅዳር 15 በሚጀምረው ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፤ በረመዳን የሚደረግም እንዲሁ የሚጾሙ ልጆችን ይነካል። ኬክ ተቆርሶ አንድ ልጅ ብቻውን ጥግ የሚቀመጥበት ሁኔታ በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱንና ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ያስቀምጡ

በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ይጻፉ፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉትን አያስቀሩ። ወላጁ ውጭ አገር ሆኖ በስልክ የሚገባበት ስብሰባ ካለ ብቻ ሁለቱንም ያስቀምጡ፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት (በስልክ ሰዓት 14:00)»። የሪያድና የዶሃ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ሲሆን የዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ይህን ካልጻፉላቸው በዱባይ ያሉት ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ።

በቴሌግራም አስቀድሞ ጽፎ በሌላ ሰዓት እንዲላክ ማድረግ ይቻላል፤ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ሲያቆዩት ቀንና ሰዓት ይጠይቅዎታል። እዚህ ላይ የሚሠራው የስልኩ ሰዓት ነው። እኔ ራሴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዲወጣ የፈለግሁትን ማስታወቂያ 1:00 ብዬ ሞልቼው፣ መልእክቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ለ400 ቤተሰብ ደረሰ። በማግስቱ ከማስታወቂያው ይልቅ የእኔ እንቅልፍ ማጣት መነጋገሪያ ሆነ። የኢትዮጵያ ጠዋት 1 ሰዓት በስልክ 7:00፣ ምሽት 1 ሰዓት ደግሞ 19:00 ነው።

ደረጃ 7፦ የመላኪያ ቀኖችን ይወስኑና አይለውጧቸው

• የወሩ ዝርዝር፦ ወሩ ከመግባቱ ከአምስት ቀን በፊት፣ በወረቀትና በቻናል።
• የሳምንቱ ዝርዝር፦ ሁልጊዜ ሐሙስ ምሽት 1 ሰዓት። ዓርብ ከላኩ ቤተሰቡ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፤ ቢሮው ተዘግቷል። ሐሙስ ከሆነ ዓርብ ጠዋት በር ላይ ሊጠይቅ ይችላል።
• ማስታወሻ፦ ከዝግጅቱ በፊት ባለው ምሽት፣ የተለወጠ ነገር ላለበት ቀን ብቻ።
• ገንዘብ ወይም ልብስ የሚጠይቅ ዝግጅት፦ ከሦስት ሳምንት በፊት። ለወላጆች ቀን የባህል ልብስ የሚያስፈልግ ከሆነ ቤተሰቡ ከዘመድ የሚዋስበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ደመወዝ የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ።

ቀኑ ሲጸና ወላጁ ራሱ ፈልጎ ያያል። በየቀኑ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ግን ቻናሉ ድምፁ ይዘጋበታል፤ የዘጋው ወላጅ ደግሞ ስለ ድንገተኛ መዘጋት የተጻፈውንም አያይም። ስለዚህ «መልካም ቀን»ና የአበባ ሥዕል በዚህ ቻናል ላይ ቦታ የላቸውም።

ደረጃ 8፦ ፈቃድ የሚጠይቁ ዝግጅቶችን በተቀዳጅ ወረቀት ይላኩ

ለምሳሌ 4ኛ ክፍል ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄድ ከሆነ ወረቀቱ ሁለት ክፍል ይኑረው። የላይኛው ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል፤ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የሚያስፈልገው ምግብና ውኃ፣ የሚከፈለው ካለ መጠኑ፣ አብረው የሚሄዱት መምህራን ብዛትና በዕለቱ የሚደወልበት ቁጥር ይጻፍበታል። የታችኛው ተቀዶ ይመለሳል፤ የልጁ ስም፣ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» የሚል ምርጫ፣ የሕመም ወይም የመድኃኒት ሁኔታ፣ ፊርማና ቀን ይይዛል። ቤተሰቡ ቀኑን የሚያይበት ወረቀት ቤት እንዲቀር ነው ሁለት ክፍል የሚሆነው፤ ሙሉ ወረቀቱ ከተመለሰ መረጃውም አብሮ ይሄዳል።

መመለሻው ከጉዞው በፊት አንድ ሳምንት ይሁን። «አይሄድም» የሚለውን ምርጫ አይተዉት፤ እርሱ ከሌለ ያልተመለሰ ወረቀት እንቢታ ይሁን መርሳት አይታወቅም። ከክፍያው የተነሣ «አይሄድም» ያሉ የሚመስሉዎት ቤተሰቦች ካሉ፣ ወተመህ በጸጥታ የሚረዳበት መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ደረጃ 9፦ ያልደረሳቸውን ይፈልጉ

ሥራው በእውነት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያቆሙትም እዚሁ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የክፍል ኃላፊው በደብተር ላይ ፊርማ ያላገኙትን ይቆጥር። ከ50 ተማሪ 42 ፈርመው ከመጡ የሚቀሩት ስምንት ናቸው፤ ለእነርሱ ብቻ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ያድርጉ።

1. ልጁን በግል ይጠይቁ፤ በክፍል ፊት አይደለም። ደብተሩ ጠፍቶ ይሆናል፣ ወይም የሚፈርም ሰው ያመሸ ይሆናል።
2. ከሰዓት በኋላ በር ላይ ልጁን ለሚወስደው ሰው በቃል ይንገሩ፤ ሰውየው ቀኑንና ሰዓቱን መልሶ እንዲነግርዎ ያድርጉ። «እሺ» ማለት ብቻ አይበቃም።
3. ሰው የማይመጣለት ልጅ ከሆነ በመዝገቡ ላይ ወዳለው የመጀመሪያ ቁጥር ይደውሉ፤ ካልተነሣ ሁለተኛውን ይሞክሩ።
4. የድምፅ መልእክት ለሚመርጡት፣ በሚቀላቸው ቋንቋ፣ ከ30 ሰከንድ የማይበልጥ ይቅረጹ። በመጀመሪያ ቀኑን፣ በመጨረሻም እንደገና ቀኑን ይበሉ።
5. በአንድ መንፈቀ ዓመት ሦስት ጊዜ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ካሉ መንገዱ አልሠራም ማለት ነውና መዝገቡን ይቀይሩላቸው።

እነዚህ ስምንት ቤተሰቦች በየሳምንቱ ብዙ ጊዜ ያው ስምንቱ ናቸው። ከወሩ በኋላ ስማቸውን ስለሚያውቁት ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ደረጃ 10፦ ለውጥ ሲመጣ አሮጌውን ይሻሩ

ውኃ ጠፍቶ፣ ስብሰባ ተጠርቶ ወይም የክትባት ዘመቻ መጥቶ መርሐ ግብር ሲለወጥ፣ አዲሱን መልእክት «ማስተካከያ» በሚል ቃል ይጀምሩና የተሻረውን በግልጽ ይጥቀሱ፦ «ማስተካከያ፦ ዓርብ የካቲት 12 ተብሎ የነበረው የወላጆች ስብሰባ ወደ ቅዳሜ የካቲት 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተዛውሯል።» በቻናሉ ላይ ያለውን አሮጌ ጽሑፍ ዝም ብለው አያርሙት፤ ቀድሞ ያነበበው ሰው ተመልሶ አያየውም። ከበር ሰሌዳውም አሮጌውን ያጥፉ። ልጆች ወደ ቤት የሚሄዱበት ሰዓት በዚያው ቀን ከተለወጠ ደግሞ መልእክት አይበቃም፤ የሚረከበው ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም ልጅ ከበር አይውጣ፤ መምህራን ክፍል ተከፋፍለው ይደውሉ።

ማስጠንቀቂያዎች

የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ በቻናል ላይ አያውጡ። የጉዞን መነሻ ሰዓትና መንገድ ማንም በሚገባበት ገጽ ላይ አይጻፉ።

ክፍያ ያልከፈሉ፣ ዩኒፎርም ያላሟሉ ወይም ውጤታቸው ዝቅ ያለ ልጆችን ስም በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አይዘርዝሩ። ይህ ለግል ስልክ ጥሪ የሚተው ነው።

«ዛሬ ልጄን ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚል መልእክት ቢደርስዎ፣ ከታወቀ ቁጥር ቢመጣም እንኳ፣ በመዝገቡ ላይ ወዳለው ወላጅ ደውለው ድምፁን ሳይሰሙ ልጁን አይስጡ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

«ነገ» ብሎ ያለ ቀን መጻፍ። መልእክቱ ማክሰኞ ተልኮ ረቡዕ ሲነበብ «ነገ» ሐሙስ ይሆናል። የሳምንቱ ቀንና ዕለቱ ሁለቱም ይጻፉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

ማስታወቂያን ማኅተም አድርጎ ፎቶ አንሥቶ መላክ። ለወረቀቱ ማኅተም ያስፈልጋል፤ በስልክ የደበዘዘ ፎቶ ግን በትንሽ ስክሪን አይነበብም፣ ሊፈለግም አይችልም። ጽሑፉን ራሱን ይጻፉ፤ ፎቶውን ከፈለጉ ከሥር ያያይዙት።

በደብዳቤ ወግ መጀመር። «ጉዳዩ፦ … ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው መግቢያ ቀኑን ወደ አራተኛው መስመር ይገፋዋል። ቀኑ በመጀመሪያው መስመር ይሁን።

የፈረቃን ልዩነት መርሳት። ትምህርት ቤትዎ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ «ግማሽ ቀን» የሚለው ቃል ለከሰዓት ፈረቃ ምንም ትርጉም የለውም፤ ለእያንዳንዱ ፈረቃ ሰዓቱን ለይተው ይጻፉ።

አምና የነበሩትን በቻናሉ ውስጥ መተው። ትምህርት ቤትዎ 6ኛ ክፍል ላይ የሚያበቃ ከሆነ የወጡት ልጆች ቤተሰቦች መልእክት መቀበላቸውን ይቀጥላሉ፤ የዓይን ምልክቱ ቁጥርም ያሳስትዎታል። በየዓመቱ የድሮውን መጋበዣ ሊንክ ይሻሩ፣ የወጡትን በስም ያስወጡ፣ አዲሱን ሊንክ ደግሞ በምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ወላጁ ስልኩን አውጥቶ በፊትዎ እንዲገባበት ያድርጉ።